ላይኛው መደብ

ፒስፓላ፣ ታምፔሬ
የጭቃ ወር (ኦክቶበር) 3 ቀን 1926

ለተከበሩ እመቤት ሳይሚ ራውቲዮ፣
ኩህሞ፣ በእህትዎ በኢምፒ ቤት።

ከሁሉ አስቀድሞ ባሉበት የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ። እንዴት ሰንብተዋል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ፈረሴ ሙስታም ደኅና ነው፤ ሰላም ብሎዎታል።

አሁን ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አስጠግተው «ለዚህ ሰው ማን ጻፈለት?» እያሉ ነው። አውቃለሁ። ይቀመጡ። የጻፍኩት እኔው ራሴ ነኝ፤ ቪህቶሪ ኩስኒየሚ፣ የማገዶ ጋሪ ነጂው፣ በገዛ እጄና በገዛ ቀለሜ። ካለፈው የበረዶ ወራት ጀምሮ በሠራተኞች አዳራሽ የማታ ትምህርት ገብቼ ነበር። ለማንም ትንፍሽ አላልኩም። ምስጢር የመጠበቅ ስጦታ ያለኝ ሰው ነኝ፤ ከጓደኛዬ ከኑቲ፣ ከቄሱ፣ ከዳቦ ጋጋሪውና ከወይዘሮ አማንዳ በቀር የሚያውቅ የለም። መምህርታችን በመጨረሻው ቀን ደብተሬን አገላብጣ «እንዳንተ ያለ ተማሪ ገጥሞኝ አያውቅም» አለችኝ። በምን እንደሆነ አልነገረችኝም፤ እኔም ትሑት ስለሆንኩ አልጠየቅኋት።

አሁን በከተማው ሳልፍ በየሱቁ ላይ የተጻፈውን ሁሉ ጮክ ብዬ ለሙስታ አነብለታለሁ። «ዳቦ ቤት» ብዬ ሳነብለት ቀጥ ብሎ ቆመ። ለካ እሱ ከኔ በፊት ማንበብ ይችል ኖሯል።

አንድ የከበደኝ ነገር አለ። በወይዘሮ አማንዳ ሳውና፣ በእንፋሎት መታጠቢያው ቤት ውስጥ እርስዎን «አንቺ» ስል ኖሬአለሁ፤ እርስዎም ጀርባዬን እያሹ «አንተ፣ ዘንበል በል» ሲሉኝ ኖረዋል። እዚያ ቤት አንቱታ ከባርኔጣ ጋር መስቀያው ላይ ነው የሚቀረው፤ የፋብሪካው ሥራ አስኪያጅም ራቁቱን ሲቀመጥ «ዘንበል በል» ይባላል። መንገድ ላይ ስንገናኝ ደግሞ ባርኔጣ ይነሣል፣ «እርስዎ» ይባላል። ታዲያ ወረቀት የቱ ነው? ሳውና ነው ወይስ መንገድ? መምህርቷን ብጠይቃት ሳቀችብኝ። እርስዎ ይፍረዱ።

ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሲሄዱ «የእህቴን ሣር አጭደን ስንጨርስ እመለሳለሁ» ብለው ነበር። ሣሩ ታጨደ፣ ጎተራ ገባ፣ እንደ እኔ ግምት ላሞቹ ገሚሱን በልተውታል። ወይዘሮ አማንዳ የእርስዎን የአጣቢነት ቦታ ለማንም እንዳትሰጥ አስምያታለሁ። ሄልቪ የምትባል ወጣት ለጊዜው ገብታለች፤ ለጊዜው ብቻ። ለገና ዋዜማ ሳውና ይድረሱልን። ያለ እርስዎ ታጥበን ወደ ገና ብንገባ ገናው ራሱ አያውቀንም።

አክባሪዎ
ቪህቶሪ ኩስኒየሚ (ራሱ የጻፈው)


ኩህሞ፣ የጭቃ ወር 10 ቀን

ቪህቶሪ፣

ወረቀት ሳውና ነው። «አንቺ» በለኝ። ስንት ዘመን ጀርባውን በሳሙና ያሸሁት ሰው «እመቤት» ሲለኝ የሌላ ሴት ደብዳቤ የከፈትኩ መሰለኝ።

ለኢምፒ አነበብኩላት። የሙስታ ዳቦ ቤት ጋ ስደርስ ከእሳቱ ዳር ተነሥታ ሄደች፤ ስቃ ስቃ ትን ሊላት ነበር። እንኳን ጻፍክ። እንኳን ተማርክ። ደስ ብሎኛል፤ ይህን ሁለት ጊዜ አንብበው።

እኔ ደኅና ነኝ። ሣሩ ጥሩ ነበር። እዚህ በረዶው ቀድሞ ገብቷል፣ መንገዱም ረጅም ነው። አማንዳን አታስምላት። ቦታውን ለሄልቪ ትስጣት፤ ልጅቱ ጠንካራ ናት፣ ትለምዳለች።

አንድ ነገር ልለምንህ። የቅዳሜን ነገር ጻፍልኝ፣ ከጠዋቱ እስከ ምሽቱ። እኔ እዚያ ቤት ጎንበስ ብዬ ኖርኩ እንጂ አንድም ቀን እንግዳ ሆኜ አላውቅም። እናንተ ዓይናችሁን ጨፍናችሁ ስትተኙ የት እንደምትሄዱ ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር።

ጽሑፌ ስለማያምር ይቅርታ።

ሳይሚ


ፒስፓላ፣ የጭቃ ወር 17 ቀን

ሳይሚ፣

እሺ፤ ባርኔጣዬን ሰቅያለሁ።

ቦታሽን ለሄልቪ ይሰጥ ላልሽው መልሴ አይሆንም ነው። ቦታው የኔ አለመሆኑን አውቃለሁ፤ ቢሆንም አይሆንም።

ስለ ጽሑፍሽ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፤ አትቆጪኝ። ያንቺ ፊደላት ከገበያ እንደሚመለሱ ሰካራሞች ናቸው። አንዱ በአንዱ ላይ ተደግፏል፣ አንዱ ጉድጓድ ገብቷል፣ አንዱ ጭራሽ ወደ ኋላ ዞሯል። የኔን ተመልከቻቸው፤ እንደ ዘብ ቀጥ ብለው ቆመዋል። ስትመጪ መምህርቷ ጋ እወስድሻለሁ። ጊዜ ከሌላት እኔው አስተምርሻለሁ።

እንግዲህ የትናንቱ ቅዳሜ ይኸውልሽ።

ቅዳሜ የሚጀምረው በኔ ነው። እኔና ሙስታ ማገዶውን ካላራገፍን ከተማው ሁሉ እንደቆሸሸ ወደ እሑድ ይገባል፤ ይህን ወይዘሮ አማንዳም ታምናለች፣ ጮክ ብላ ባትናገረውም። እሳቱ ነድዶ ነድዶ ሲከስም፣ ድንጋዩ ከሆዱ ሲቀላ፣ በሩ ይከፈታል። ልብስ ማውለቂያው ክፍል ውስጥ ማንም ከፍ አድርጎ አያወራም። እኔም አላወራም። ሳቂ፤ ግን እውነቴን ነው።

ከዚያ ወደ ውስጥ። ከአንዲት ትንሽ መስኮት በቀር ጨለማ ነው፤ በእሷ የሚገባው ብርሃን ወተት ጠብ ያለበት ውሃ ይመስላል። ላይኛው መደብ ላይ ወጥቼ ክርኔን ጉልበቴ ላይ አሳርፋለሁ። አንዱ ጭልፋውን ያነሣል። ውሃው ድንጋዩ ላይ ሲወድቅ መጀመሪያ ምንም የለም። ድንጋዩ ያስባል። ከዚያ እፎይ ይላል፣ እንደ ትልቅ እንስሳ በእንቅልፉ። እንፋሎቱ በጣራው ዞሮ ከኋላ ይመጣል፤ ጆሮን ይነካል፣ ትከሻን ያቅፋል፣ ቀስ ብሎ ሰውየውን ከስሙ ይለያየዋል። የማገዶ ጋሪ የለም፤ ሰኞ የለም። በበርች ዛፍ የቅጠል እስር ትከሻዬን ስመታ ውጭ ጭቃ መሆኑ ይጠፋኝና የፀሐይ ወራት ይሸተኛል፤ ዝናብ ያበቃበት ጫካ።

ከዚያ ሐይቁ ዳር። ሳንቃው ላይ ተደርድረን ቆመን እንጨሳለን፣ ከምድጃ እንደወጣ የአጃ ዳቦ። ትናንት የዓመቱ የመጀመሪያ በረዶ ይወርድ ነበር፤ ብናኙ ትከሻዬ ሳይደርስ ይጠፋል። ውሃው ውስጥ ስገባ ቅዝቃዜው «ማን ነህ?» ይለኛል፤ መልሱ ይጠፋኛል። ለኔ ይህ ብርቅ ነው። መልስ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ስወጣ በበፍታ አንሶላ ተጠቅልዬ ማረፊያው ክፍል ጋደም እላለሁ። አማንዳ ቀለል ያለ የገብስ ጠላ ታመጣለች። ኑቲ የደም ቋሊማውን እየጎረሰ ይተክዛል። የሰዎቹ ድምፅ ከሐይቁ ማዶ እንደሚመጣ ሆኖ ይሰማኛል። ነቅቼ ነው? ተኝቼ ነው? ትናንት ጀልባ ላይ የነበርኩ መሰለኝ። ቀዛፊ የላትም፤ መንገዱን ራሷ ታውቃለች። ውሃው እንደ መስተዋት ነው፣ ሰማይና ሐይቅ መለየት አይቻልም። ዳር ላይ አንድ ሰው ባልዲ ይዞ ቆሟል፤ ፊቱ በእንፋሎት ተሸፍኗል። ልጠራው አፌን ስከፍት ኑቲ በክርኑ ጎሰመኝ።

«ምነው?» አልኩት።

«ታንኮራፋለህ። ቋሊማዬ ተንቀጠቀጠ።»

መጨረሻው ማጠቢያው መደብ ነው። ስለ እሱ ዛሬ አልጽፍም።

ሌላ ዜና፤ ኑቲ ባለፈው ሳምንት «አሁንማ አርጅተሃል፣ ታችኛው መደብ ይበቃሃል» ብሎ ደፈረኝ። ጭልፋውን ነጥቄ አከታትዬ አፈሰስኩ። ውሃ ያፈሰሰ ቀድሞ አይወርድም የሚለውን የቤቱን ሕግ ከኔ በላይ ታውቂዋለሽ። ሁሉም አንድ በአንድ ወረዱ። በመጨረሻ ላይኛው መደብ ላይ የቀረሁት እኔ ብቻ ነበርኩ። ይህን ለኩህሞ ሰው ሁሉ ንገሪ።

ያንቺው ቪህቶሪ


ኩህሞ፣ የጭቃ ወር 25 ቀን

ቪህቶሪ፣

አዎ፣ የቀረኸው አንተ ብቻ ነበርክ። ራስህን ስተህ! አማንዳ ጽፋልኛለች። ኑቲና ሌሎች ሰዎች እንደ ግንድ ተሸክመው አውርደው ሐይቁ ዳር አጋደሙህ። ዓይንህን ስትገልጥ የመጀመሪያ ቃልህ «አሸነፍኩ?» ነበር አሉ። ሽማግሌ! ልብህ ቀጥ ቢልስ? ሁለተኛ እንዲህ ብታደርግ ከዚህ ድረስ መጥቼ በበርች እስር እገርፍሃለሁ።

በኋላ በላክሃት ካርድ ላይ «እዚያ አጋዘን ያለው ወንድ አግኝተሽ ነው ወይ የቀረሽው?» ብለህ ለጠየቅኸኝ መልሱ የለም ነው። አጋዘን ያለው ወንድ የለም። አጋዘን የሌለውም የለም። ኢምፒ ሰምታ «ለዚህ ሰው አንድ አጋዘን እንላክለት፣ ይረጋጋል» ብላለች።

ቅዳሜህን ብዙ ጊዜ አነበብኩት። ጀልባዋን ወደድኳት። ሌሊት ስተኛ እግሬን ስዘረጋ አንዳንዴ ጫፏን የነካሁ ይመስለኛል።

የኛን ሳውና አታውቀውም፤ ጭስ ማውጫ የሌለው የድሮ ነው። እሳቱ ሲነድ ጭሱ ቤቱን ይሞላና በኋላ በበሩ ይወጣል። ግድግዳው ከዘመን ብዛት ከሰል ሆኗል፤ ብትደገፈው ጀርባህ ይጠቁራል። እንፋሎቱ ግን ለስላሳ ነው፤ የሚናገር ሳይሆን የሚያንሾካሹክ። እኔና ኢምፒ የተወለድነው እዚያ መደብ ላይ ነው። እናታችንንም አጥበን የገነዝናት እዚያው ነው። ስገባ እሷ ገና ጥግ ላይ ተቀምጣ የምትጠብቀን ይመስለኛል፤ አያስፈራም።

ባለፈው ቅዳሜ ኢምፒ «ዞር በይ፣ ጀርባሽን ልጠብሽ» አለችኝ። እምቢ አልኳት። ተጣላን ማለት ይቻላል። ማጠብ እንጂ መታጠብ አላውቅም።

ስለ ፊደላቴ ያልከው ልክ ነህ። ሰካራም ናቸው።

ማጠቢያው መደብ ላይ ስትደርስ ለምን ዝም አልክ?

ሳይሚ


ፒስፓላ፣ የጭቃ ወር 31 ቀን

ሳይሚ፣

አማንዳ ወሬኛ ናት። እኔ ራሴን አልሳትኩም፤ ዓይኔን ጨፍኜ ድሌን እያጣጣምኩ ነበር።

ለምን ዝም እንዳልኩ ጠየቅሽኝ። እንግዲያው ስሚ፤ እዚህ ቦታ ላይ ቀልድ የለም፤ ወይም ትንሽ ነው።

ሚስቴ ካረፈች ወዲህ የሰው እጅ የሚነካኝ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ነበር። ማጠቢያው መደብ ላይ በሆዴ ስተኛ ፊትሽን አላየውም፤ የባልዲው እጀታ ሲንኳኳ ብቻ ነው የምሰማው። ለብ ያለው ውሃ ይወርዳል። ከዚያ ቀኝ እጅሽ ከአንገቴ ሥር ይጀምራል። አውራ ጣትሽ በአከርካሪዬ ዳር ዳር እየተጫነ ይወርዳል፤ ጋሪ የሚያውቀውን መንገድ እንደሚሄድ ያለ መቸኮል። ግራ ትከሻዬ ሥር፣ ድሮ ግንድ በወደቀብኝ ቦታ ሲደርስ እጅሽ ይቀላል። ስለ ግንዱ ነግሬሽ አላውቅም። አልጠየቅሽኝም። ከመጀመሪያው ቅዳሜ ጀምሮ ግን እዚያ ቦታ ላይ እጅሽ ይቀላል። እኔ ስንት ነገር አውርቼ የማላስረዳውን እጅሽ ሳይጠየቅ ያውቀዋል። ለዚህ ነው ዝም የምለው። ጀልባዋም የምትነሣው ከዚያ ነው።

ሄልቪ እንደ ጠቆረ ድስት ነው የምትፈትገኝ። «ቀስ በይ እንጂ፣ ልጄ!» ብላት «ቀስ ካልኩ ቆሻሻው አይለቅም፣ አባባ» አለችኝ። አባባ! ጀርባዬ እጅሽን ካጣ ወዲህ ወላጅ የሞተበት ሆኗል።

ያንን እጅ ይዘሽልኝ ነይ። ሌላ ምንም አትያዢ፤ ሻንጣም አያስፈልግም። አማንዳ ባልዲሽን ለማንም አላስነካችም፤ እዚያው ሚስማሩ ላይ ነው። ለገና ዋዜማ ትደርሳለች ብዬ ለሰው ሁሉ ተናግሬአለሁ፤ አታዋርጂኝ። አትመጪም ከተባለ ምክንያቱን ንገሪኝ። ሰው ያለ ምክንያት አይቀርም።

ቪህቶሪ


ኩህሞ፣ የሞት ወር (ኖቬምበር) 3 ቀን

ቪህቶሪ፣

ምክንያቱን ጠየቅኸኝ።

ሣሩን ጋሪ ላይ ጭነን ገመዱን ስናጠብቅ ፈረሱ በርግጎ ተነሣ። ቀኝ እጄ በገመዱና በእንጨቱ መሃል ነበር። የካያኒ ከተማ ሐኪም የቻለውን አደረገ። አውራ ጣቴና ሌባ ጣቴ አሉ፤ ሦስቱ ግን አይታጠፉም፣ ምንም አይሰማቸውም። ሳሙና እንኳ አይዙም፣ ያዳልጣቸዋል።

ይህን ሁሉ የምጽፍልህ በግራዬ ነው። የመጀመሪያውንም በግራዬ ነው የጻፍኩልህ። ፊደላቴ የተንገዳገዱት ለዚህ ነው። ይቅርታ እንዳትጠይቀኝ፤ የቀለድከው ሳታውቅ ነው፣ እኔም ስቄአለሁ። እውነቴን ነው።

የምትጠብቃት ሴት እጅ ናት። እሷ የለችም። ያለችው ሌላዋ ናት፤ ጎንበስ ስትል ወገቧን የሚያማት፣ ወሬ የማታውቅ፣ ማንም ፊቷን ልብ ብሎ ያላየው። እሷን ለገና ማንም አልጠበቃትም፤ አንተም አልጠበቅሃትም። ደብዳቤህን አንብቤ አላዘንኩም፤ እንደዚያ ያለ ነገር ስለ እጄ የነገረኝ የለም። ብቻ ስለሞተ ሰው እንደሚባል ሆኖ ነው የሰማሁት።

ባልዲዬን ከሚስማሩ ላይ አውርዳችሁ ለሄልቪ ስጧት። ግራ ትከሻህ ሥር ስትደርስ ቀለል እንድትል ንገራት።

ለሰው የተናገርከውን በቀልድ አርገህ ተወው፤ ትችልበታለህ።

ደኅና ሁን።
ሳይሚ


ፒስፓላ፣ የሞት ወር 24 ቀን

ሳይሚ፣

ደብዳቤሽን ለሙስታ አላነበብኩለትም።

ዝም ያልኩት ተቀይሜ እንዳይመስልሽ። ሥራ ይዤ ነበር፤ እነግርሻለሁ።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ቅዳሜ ማጠቢያው መደብ ላይ ተኛሁ። ሄልቪ ባልዲዋን ይዛ መጣች። «ቆይ» አልኳት። ተነሥቼ ተቀመጥኩ። ከዚያ መደብ ላይ ቀና ብዬ አላውቅም ነበር። አንቺ የምትቆሚበትን ቦታ አየሁት። ሳንቃው በሁለት እግር ልክ ጎድጉዷል። ከላይ እንፋሎት፣ ከታች ከበሩ ሥር የሚገባ ብርድ። እኛ ጀልባ ላይ ስንሄድ አንቺ እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ቆመሽ ነበር።

ኑቲን ጠራሁት።

«ና፣ እዚህ ተኛ።»

«ምን ልታደርገኝ ነው?»

«ጀርባህን ላጥብህ ነው።»

«ታመሃል እንዴ?»

«ተኛ ብያለሁ!»

ተኛ። ሳሙናውን ይዤ ከአንገቱ ሥር ጀመርኩ። ወዲያው ጮኸ። «አንተ ሰውዬ፣ ማገዶ አይደለሁም!» ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ሳቀ። ሄልቪ ግን አልሳቀችም። «በጉልበት አይደለም፣ አባባ፤ ውሃው እንዲሸከምልህ ተወው» አለችኝ። ልጅቱ ለካ ታውቃለች፤ ከመሄድሽ በፊት አንቺ ነሽ አሉ ያስተማርሻት፣ የኔ ጀርባ ላይ ስትደርስ ነው የሚጠፋት፣ ስለማወራባት። በሚቀጥለው ቅዳሜም ኑቲን አስተኛሁት። መጮኹን ተወ፤ ማጉረምረም ብቻ ሆነ። ባለፈው ቅዳሜ ደግሞ ዝም አለ። ቀጥሎ ምን እንደሆነ ያለ ጉራ ልንገርሽ፤ ኑቲ አንኮራፋ። ሲነቃ «የት ነበርኩ?» አለ። አልነገርኩትም። ጀልባዋ የት እንደምትሄድ ቀዛፊው አይናገርም።

ከዚያ አማንዳ ጋ ሄድኩ።

«በገና ዋዜማ ጠዋት ሳውናው ለማን ነው?» አልኳት።

«ለቤተሰብ ተራ ነው፤ ታውቃለህ። ባልና ሚስት ካልሆኑ ወንድና ሴት አብረው አይገቡም። ፕሬዚዳንቱም ቢሆን አይገባ።»

«ባልና ሚስት ከሆኑስ?»

ጭልፋውን አስቀመጠች። «ሕጉ ሕግ ነው፤» አለችኝ፣ «ግን ጠዋቱን ለሌላ ሰው አልሰጥም። ፍጠን።»

ሳይሚ፣ እጅሽን ጠበቅሁ እንጂ አንቺን አልጠበቅሁም ያልሽው ሦስት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ ጆሮዬ ውስጥ አለ። እስቲ አሁን ልጠብቅ። ጀርባዬን ታውቂዋለሽ፤ እኔ ያንቺን አላውቀውም። የት ቦታ ላይ እንደሚከብድሽ፣ የት ቦታ ላይ መቅለል እንዳለብኝ አላውቅም። መማር እችላለሁ፤ በዚህ ዕድሜዬ ፊደል ተምሬአለሁ።

የአንቺን ቅዳሜ ልጻፍልሽ። ማገዶውን እኔና ሙስታ እናራግፋለን። አንቺ ምንም አታነሺም። ልብስሽን ሰቅለሽ ትገቢያለሽ፤ መስኮቷ ወተት ትመስላለች። ላይኛው መደብ ላይ ክርንሽን ጉልበትሽ ላይ ታሳርፊያለሽ። ድንጋዩ ያስባል። እንፋሎቱ በጣራው ዞሮ ከኋላሽ ሲመጣ ቀኝ እጅሽንም እንደ ግራሽ ያቅፈዋል፤ እንፋሎት የታመመውን ከደኅናው አይለይም። ሐይቁ በዚያን ጊዜ በረዶ ይሆናል፣ ቀዳዳ እንከፍታለን፤ ካልፈለግሽ አትገቢም። ከዚያ ማጠቢያው መደብ ላይ በሆድሽ ትተኛለሽ። የባልዲውን እጀታ ትሰሚያለሽ። ያ የአንቺ ባልዲ ነው፤ ከሚስማሩ ላይ አላወረድነውም። እኔ ጉድጓዱ ውስጥ ቆሜ ዝም እላለሁ። ዝም እላለሁ ስልሽ ማንም አያምንም፤ አንቺ ግን እመኚኝ።

ጋብቻ ከመፈጸሙ በፊት ቄሱ በሦስት እሑድ ማወጅ አለባቸው። የመጀመሪያው እሑድ ቀርቧል። ላግባሽ ብዬ መጠየቄ ነው። መምህርቷ እንዲህ ያለው ደብዳቤ እንዴት እንደሚጻፍ አላስተማረችንም።

እምቢ ካልሽ አልቀየምም፤ ባልዲሽ ግን እዚያው ይሆናል።

ቪህቶሪ


ኩህሞ፣ የገና ወር (ዲሴምበር) 1 ቀን

ቪህቶሪ፣

ኢምፒ ትላንት ጀርባዬን እንድታጥበኝ ፈቀድኩላት። መጀመሪያ እንደ ሳንቃ ደርቄ ነበር። «አንቺ ሴትዮ፣ ለመታረድ ነው እንዴ የመጣሽው?» አለችኝ። ከዚያ የሆነ ቦታ ላይ ትከሻዬ ወረደ። ለብ ያለው ውሃ አንገቴ ላይ ሲወርድ የእናቴ ጥግ ጨለመ፣ ግድግዳው ራቀ። ዓይናችሁን ጨፍናችሁ የት እንደምትሄዱ አሁን አወቅሁ። ጀልባዋን አየኋት። ሰፊ ናት፤ ሁለት ሰው ትይዛለች።

ወገቤ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ዝቅ ብሎ። እዚያ ቦታ ላይ ቀለል በል።

ቄሱ እሑድ ያውጁ። ኢምፒ ፈረሱን የበረዶ ሸርተቴው ላይ ጠምዳ እስከ ካያኒ ታደርሰኛለች፤ ከዚያ በባቡር ነው። ጣቢያው ላይ ከሙስታ ጋር ጠብቀኝ። ፊቴን ያለ እንፋሎት ልብ ብለህ አይተኸው ስለማታውቅ ግራጫ ሻርፕ አደርጋለሁ። ኑቲን ስለ ጀርባው አመስግንልኝ። ለአማንዳ ሄልቪ በቦታዋ ትቆይ በላት፤ እኔ ሥራ ፍለጋ አይደለም የምመጣው።

እንፋሎት ውስጥ ግን ውሃውን የማፈስሰው እኔ ነኝ። ትላንት በግራዬ ሞከርኩት፤ ጭልፋው አልተንቀጠቀጠም። የቤቱን ሕግ ደግሞ ታውቀዋለህ፤ ያፈሰሰ ቀድሞ አይወርድም።

ሳይሚ